የሂሳብ ባለሙያው ሁለተኛ ዲግሪና የወረዳው መዝገብ

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። በደብረ ታቦር ከተማና በደቡብ ጎንደር ዞን ወረዳዎች በገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ለሚሠሩ ባለሙያዎች ሰኔ ከዓመቱ ወራት ሁሉ እጅግ የተጨናነቀው ነው። ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያና የውሎ አበል የሚወራረደው፣ የባንክ መግለጫ ከመዝገብ ጋር የሚታረቀው፣ የተሰብሳቢና የተከፋይ ሂሳብ ዝርዝር ተጣርቶ ለበላይ አካል ለመላክ የሚዘጋጀው በዚሁ ወር ነው። በዩኒቨርሲቲዎች መደበኛ የትምህርት ዘመን አቆጣጠር ደግሞ ሰኔ ብዙውን ጊዜ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን በፈታኞች ፊት የሚያቀርቡበት ወር ነው።

በሥራ ላይ ሆኖ በሂሳብ አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪውን የሚከታተል የመንግሥት ሠራተኛ እነዚህ ሁለት ኃላፊነቶች በአንድ ጊዜ ይደርሱበታል። መዝገቡ በወቅቱ ሳይዘጋ ቢቀር ወረዳው በኦዲት ይጠየቃል፤ ጥናቱ በወቅቱ ሳይቀርብ ቢቀር የሁለት ዓመት ድካም ለተጨማሪ ጊዜ ይራዘማል። ከወራት መገጣጠም በስተጀርባ ግን የሚበልጥ ጥያቄ አለ። ዩኒቨርሲቲው የሚያስተምረው ሂሳብና ወረዳው የሚይዘው ሂሳብ ምን ያህል ይገናኛሉ? ሠራተኛውን ለትምህርት የሚልከው ኃላፊም ሆነ ራሱ ሠራተኛው ከምዝገባ በፊት ሊመልሱት የሚገባው ጥያቄ ይኸው ነው።

ከበጅሮንድ እስከ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት

የመንግሥትን ሀብት መዝግቦ መያዝ ለአካባቢው እንግዳ ነገር አይደለም። በቀድሞው ሥርዓት የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚጠብቀውና ገቢና ወጪውን የሚቆጣጠረው ሹም በጅሮንድ ይባል ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በራስ ጉግሣ እንደተቆረቆረች የሚነገርላት ደብረ ታቦር በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመንግሥት መናገሻ ሆና አገልግላለች፤ ሴባስቶፖል የተሰኘው መድፍ የተሠራውም በአቅራቢያዋ በምትገኘው ጋፋት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወታደሩ በባላገሩ ላይ እየተመራ ከሚኖር ይልቅ ደመወዝ እየተቆረጠለት እንዲያድር ለማድረግ መሞከራቸውን የታሪክ ጸሐፍት መዝግበዋል። ደመወዝ ለመክፈል ቋሚ ገቢ ያስፈልጋል፤ ገቢውን ለማወቅ ደግሞ የተሟላ መዝገብ። ይህን የሚሸከም የገቢ ሥርዓት በወቅቱ አልተዘረጋም ነበር።

ዘመናዊው የሂሳብ አያያዝ ትምህርት በኢትዮጵያ የተስፋፋው ከጣሊያን ወረራ ማብቃት በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1943 ተከፍቶ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለባንኮችና ለንግድ ድርጅቶች የሂሳብና የጽሕፈት ሥራ ሠራተኞችን ማፍራት ጀመረ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር የንግድ ሥራ አስተዳደር ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1963 መቋቋሙ ደግሞ ትምህርቱን በዲግሪ ደረጃ አጠናከረው።

ለደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ዋናው ለውጥ የመጣው ግን በ1994 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልሎች ወረዳዎች ጥቅል የድጎማ በጀት ተቀብለው ራሳቸው እንዲደለድሉ አደረገ። ቀደም ሲል በዞንና በክልል ይሠራ የነበረ የሂሳብ ሥራ ወደ ፋርጣ፣ ወደ ፎገራ፣ ወደ ሊቦ ከምከም፣ ወደ እብናት፣ ወደ ስማዳ፣ ወደ ላይ ጋይንትና ወደ ሌሎቹ ወረዳዎች ወረደ። ገንዘቡ ወረዳ ሲደርስ ገንዘቡን በአግባቡ መዝግቦ ሪፖርት የሚያደርግ ባለሙያም ወረዳ ላይ ያስፈልግ ነበር። በሠለጠነ የሂሳብ ባለሙያ ላይ የሚታየው ፍላጎት ከከተማ አልፎ ወደ ደጋው ወረዳዎች የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ወረዳው የሚይዘው ሂሳብ

በዚያው ዘመን የመንግሥት ሂሳብ አያያዝ ራሱ ተለውጧል። በሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያው ውስጥ በተካተተው የወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ፕሮግራም፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ድጋፍ፣ ከነጠላ ምዝገባ ወደ ድርብ ምዝገባ ሽግግር ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ1494 ጣሊያናዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ በመጽሐፉ ያብራራውና ማንኛውም ክንውን በዴቢትና በክሬዲት እኩል እንዲመዘገብ የሚያዘው ሥርዓት በዚህ መንገድ ኢትዮጵያ ወረዳዎች ደረሰ። ድርብ ምዝገባ ስሕተትን ጨርሶ ባያስቀርም ሂሳቡ ሳይመዛዘን ሲቀር ወዲያው ያሳያል። ቀጥሎም አይቤክስ የተሰኘው የበጀትና የወጪ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ዋለ።

በወረዳ ደረጃ ሥራው የሚከናወነው ፑል በሚባለው አደረጃጀት ነው። እያንዳንዱ የሴክተር ጽሕፈት ቤት የየራሱን የሂሳብ ክፍል ከሚያቋቁም ይልቅ በገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ሥር የተሰባሰቡ ጥቂት ባለሙያዎች ለትምህርቱም፣ ለጤናውም፣ ለግብርናውም ክፍያ ይፈጽማሉ፤ ሂሳብም ይይዛሉ። አሠራሩ በቂ የሰው ኃይል በሌለበት ቦታ ባለሙያን በቁጠባ ለመጠቀም ይረዳል። በዚያው ልክ አንድ ሰው ሲጎድል ጫናው በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ ሳይሆን በሁሉም ላይ ያርፋል። ለትምህርት የሚሄደውን ሠራተኛ መምረጥ ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

የወረዳው ሂሳብ የሚያዘው በተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ መሠረት ነው። በዋናነት ገቢ ሲሰበሰብ፣ ወጪም ሲከፈል ይመዘገባል፤ ደመወዝንና በበጀት ዓመቱ መዝጊያ ላይ የሚቀሩ ተከፋዮችን በመሳሰሉት ጉዳዮች ላይ ግን ከዚህ የተለየ ሕግ አለ። የጥሬ ገንዘብ ገቢ በሞዴል 64፣ የዕቃ ገቢ በሞዴል 19፣ የዕቃ ወጪ በሞዴል 22 ይረጋገጣል። በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእብናት ደግሞ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ገንዘብ ከመደበኛው በጀት ተለይቶ መያዝና ለብቻው ሪፖርት መደረግ ስለሚኖርበት የባለሙያውን ሥራ ይጨምራል። በዚያ ገንዘብ ላይ የሪፖርት መዘግየት የሚያስከትለው መዘዝ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ ቀጣዩ ገንዘብ ሲዘገይ ክፍያ የሚጠብቀው ቤተሰብ ይጎዳል።

ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ሂሳብ

በሂሳብ አያያዝና ፋይናንስ የሚሰጠው ሁለተኛ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ይፈጃል። የመጀመሪያው ዓመት ለኮርሶች፣ ሁለተኛው በዋናነት ለመመረቂያ ጥናት ይውላል። ከፍተኛ የፋይናንስ ሪፖርት ዝግጅት፣ የማኔጅመንት ሂሳብ፣ ኦዲት፣ የኩባንያ ፋይናንስና የምርምር ዘዴ የትምህርቱ ምሰሶዎች ናቸው። ስታታንና ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ.ን የመሳሰሉ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮችም ለጥናቱ ያገለግላሉ።

የትምህርቱ ማእከል እየሆነ የመጣው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. የሚባለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ በደንብ ቁጥር 332/2007 ከተቋቋመ በኋላ ሪፖርት አቅራቢ ድርጅቶች ወደ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች በየምዕራፉ እንዲገቡ ተደርጓል። ባንኮች በሰኔ 2010 ዓ.ም. የተዘጋውን ሂሳባቸውን በዚሁ ደረጃ አዘጋጅተዋል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መውጣትና የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመር ደግሞ ደረጃውን የሚያውቅ ባለሙያ ይበልጥ ተፈላጊ እንዲሆን አድርገዋል።

ባንክ ለሚሠራ ሰው ይህ ትምህርት በቀጥታ ሥራው ነው። ለወረዳ ባለሙያ ግን በክፍሉና በቢሮው መካከል ልዩነት አለ። አንድ ምሳሌ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ወረዳ በ4 ሚሊዮን ብር ተሽከርካሪ ገዛ እንበል። በተሻሻለው የጥሬ ገንዘብ አሠራር ሙሉው 4 ሚሊዮን ብር በተከፈለበት ዓመት ወጪ ሆኖ ይመዘገባል። ተሽከርካሪው በንብረት መዝገብ ላይ ይሰፍራል እንጂ በሂሳብ መግለጫው ላይ ሀብት ሆኖ አይታይም። አክሩዋል በሚባለው አሠራር ግን ተሽከርካሪው በሀብትነት ይያዛል፤ 10 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ከተገመተ በየዓመቱ 400 ሺህ ብር የእርጅና ቅናሽ ወጪ ይሆናል።

ልዩነቱ የመዝገብ አጻጻፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው አሠራር የተሽከርካሪው ግዢ በተፈጸመበት ዓመት የጽሕፈት ቤቱ አገልግሎት እጅግ ውድ ይመስላል፤ በሚቀጥሉት ዘጠኝ ዓመታት ደግሞ ተሽከርካሪው ያለ ምንም ዋጋ የሚያገለግል ይመስላል። ተሽከርካሪው አርጅቶ መተካት ያለበት ጊዜ ሲደርስ መግለጫው አስቀድሞ ምንም ምልክት አይሰጥም። የጤና ጣቢያ ሕንፃ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የትምህርት ቤት ወንበር ሁሉ በዚህ መልክ ይታያሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ የሚመለከተውና አይፕሳስ ተብሎ የሚጠራው ዓለም አቀፍ ደረጃ በብዙ አገሮች አክሩዋልን እየተከለ ያለው ይህን ክፍተት ለመዝጋት ነው። በኢትዮጵያም የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በአይፕሳስ እንዲሠሩ ተወስኗል።

በመሆኑም ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር የወረዳ ባለሙያ ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚናገር ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሮው ዛሬ የሚሠራበትን ያውቃል፤ ነገ ሊመጣ የሚችለውንም ይማራል። ይህ የሚሆነው ግን የመንግሥት ሂሳብ አያያዝን የሚሰጥ ፕሮግራም ሲመርጥና የተማረውን ከወረዳው መዝገብ ጋር እያነጻጸረ ሲማር ነው። ይህን ሳያደርግ ከቀረ የአክሲዮን ዋጋ ትንተና ጠንቅቆ አውቆ ተሰብሳቢ ሂሳብን ማጥራት እንደ ቀድሞው የሚከብደው ባለ ዲግሪ ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

ዲግሪና የሙያ ፈቃድ የተለያዩ ናቸው

በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ በተደጋጋሚ የሚታየው መደናገር ሁለተኛ ዲግሪን ከሙያ ፈቃድ ጋር አንድ አድርጎ መመልከት ነው። ሁለተኛ ዲግሪ የአካዳሚ ማዕረግ ነው። የድርጅትን ሂሳብ መርምሮ አስተያየት ለመስጠት የሚያስችለው ግን ዲግሪው ሳይሆን የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ነው። ቀድሞ ለግል ኦዲተሮችና ለሂሳብ አዋቂዎች ፈቃድ ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ኃላፊነቱ ከቦርዱ መቋቋም በኋላ ወደ ቦርዱ ተሸጋግሯል።

በኢትዮጵያ ባለሙያዎች ዘንድ በስፋት ከሚታወቁት የሙያ ማረጋገጫዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1904 የተመሠረተው የኤ.ሲ.ሲ.ኤ. ማኅበር የሚሰጠው ነው። ሙሉ ፈተናው 13 የትምህርት ዓይነቶችን የያዘ ሆኖ ለአባልነት የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። በሂሳብ አያያዝ ዲግሪ ያለው ሰው ከመጀመሪያዎቹ ፈተናዎች ከፊሉን ሊታለፍለት ይችላል። ፈተናውን ለመቀመጥ ሁለተኛ ዲግሪ ግዴታ አይደለም።

በአሜሪካ ያለው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። እዚያ ሲ.ፒ.ኤ. የሚባለውን ፈቃድ ለማግኘት ለረጅም ጊዜ የተጠየቀው 150 ክሬዲት ሰዓት ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ በተለምዶ 120 ክሬዲት ሰዓት በመሆኑ ቀሪውን ለማሟላት ብዙዎች በሂሳብ አያያዝ ሁለተኛ ዲግሪ ይይዙ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን የተለያዩ ግዛቶች የመጀመሪያ ዲግሪን ከተጨማሪ የሥራ ልምድ ጋር የሚቀበል አማራጭ በሕግ እየፈቀዱ ነው። በውጭ የሚኖር ዘመድ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ ፈቃድ በማግኘቱ በደብረ ታቦርም እንዲሁ ይሆናል ብሎ መገመት የማያስኬደው በዚህ የሥርዓት ልዩነት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ምክር ግልጽ ነው። ኦዲተር ሆኖ በግል መሥራት የሚፈልግ ሰው ጊዜውንና ገንዘቡን በቅድሚያ በሙያ ፈተናው ላይ ማዋል ይበጀዋል። ማስተማር፣ ምርምር ማድረግ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት በዕቅድ፣ በበጀትና በውስጥ ኦዲት ኃላፊነት ላይ መሥራት የሚፈልግ ግን ከሁለተኛ ዲግሪ የተሻለ ይጠቀማል።

መግቢያውና መንገዱ

የድህረ ምረቃ መግቢያ ቀድሞ በየዩኒቨርሲቲው ፈተና ይወሰን ነበር። ከ2016 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ አመልካቾች በትምህርት ሚኒስቴር አማካይነት የሚሰጠውን አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና መውሰድና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና ተጀምሮ ለማለፍ 50 በመቶ ማምጣት ግዴታ ሆኗል። መግቢያ ፈተናው ከሂሳብ አያያዝ እውቀት ይልቅ የንባብ፣ የቁጥርና የአመክንዮ ችሎታን የሚለካ በመሆኑ ለዓመታት ከትምህርት የራቀ ሠራተኛ ያለ ዝግጅት መቀመጡ አይመከርም። እንግሊዝኛ ማንበብን መልሶ መለማመድ ለፈተናውም፣ ለኮርሱም፣ ለጥናቱም መሠረት ነው።

ሌላው ቅድመ ሁኔታ ማስረጃ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪው ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ከተማረበት ተቋም በቀጥታ እንዲላክ ይጠየቃል፤ የመሥሪያ ቤት ድጋፍ ያለው ተማሪም የስፖንሰርነት ደብዳቤ ያቀርባል። በግል ተቋም የተማረ ሰው ተቋሙም ሆነ የትምህርት መስኩ በተማረበት ዓመት ዕውቅና የነበረው መሆኑን አስቀድሞ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ይኖርበታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የትምህርት ማስረጃ ማጣራት በሚካሄድበት በአሁኑ ወቅት ይህን ችላ ማለት ከዲግሪው አልፎ የያዙትን የሥራ መደብ ጭምር ሊያሳጣ ይችላል።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ጀምሯል፤ የሂሳብ አያያዝና ፋይናንስ የትምህርት ክፍልም አለው። በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ነባሮቹ ባሕር ዳርና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች በዚሁ መስክ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። የትኛው ተቋም በመደበኛ፣ የትኛውስ በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር ተማሪ እንደሚቀበል ከየዓመቱ የመግቢያ ማስታወቂያ መረዳት ያስፈልጋል።

ከሥራ ሳይለቁ በቅዳሜና እሑድ መማር ለወረዳው የተሻለ ቢመስልም ርቀቱን ማስላት ይገባል። ባሕር ዳር ከደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዓርብ ከሥራ መልስ በወረታ በኩል ተጉዞ እሑድ ማታ መመለስ በወጪም በድካምም ቀላል አይደለም። ከነፋስ መውጫ የሚነሳ ሠራተኛ ደግሞ ደብረ ታቦር ለመድረስ ብቻ በጉና ተራራ አካባቢ የሚያልፈውን የደጋ መንገድ መጓዝ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭት መንገዶችን በተደጋጋሚ አስተጓጉሏል፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። መምህርን በስልክና በኢሜይል ማማከር፣ የምርምር ጽሑፍ ማውረድ፣ ፈተና በሰዓቱ መድረስ ሁሉ በዚህ ይነካሉ። ስለዚህ አመልካቹም ሆነ የሚልከው መሥሪያ ቤት መንገድ ቢዘጋ ትምህርቱ እንዴት ሊቀጥል እንደሚችል፣ የመውጣትና የመመለስ ደንቡ ምን እንደሚል ከተቋሙ በጽሑፍ ማወቅ ይጠበቅባቸዋል።

በሌላ በኩል በሳምንት አምስት ቀን በሥራ ገበታ ላይ መገኘት የራሱ ጥቅም አለው። ቅዳሜ ስለ ውስጥ ቁጥጥር የተማረ ባለሙያ ሰኞ ጠዋት ገንዘብ ያዡና ሂሳብ ያዡ አንድ ሰው መሆን የሌለባቸው ለምን እንደሆነ በገዛ ቢሮው ማየት ይችላል። መደበኛ ተማሪ ይህን ዕድል አያገኝም።

ጥናቱ ከየት ይነሳ

ሁለተኛ ዲግሪው ለወረዳው የሚሰጠው ተጨባጭ ውጤት በዋናነት የሚገኘው ከመመረቂያ ጥናቱ ነው። ብዙ ጊዜ ጥናቶች የሚሠሩት ለሠራተኞች መጠይቅ በማደል ነው፤ ከ“በጣም አልስማማም” እስከ “በጣም እስማማለሁ” ያሉ መልሶች ተሰብስበው በስታቲስቲክስ ይተነተናሉ። ዘዴው ተቀባይነት ያለው ቢሆንም የሰዎችን አስተያየት እንጂ የገንዘቡን ጉዞ አያሳይም። የወረዳ ባለሙያ ደግሞ ሌላው ተመራማሪ በቀላሉ የማያገኘው ሀብት አለው፤ እሱም መዝገቡ ነው።

ለምሳሌ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ ሂሳብ የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ዓመታዊ ሪፖርቶች በተደጋጋሚ የሚነሳ ጉዳይ ነው። አንድ ባለሙያ የአምስት ዓመት የቅድሚያ ክፍያ መዝገብ ወስዶ በ30 ቀን ውስጥ የተወራረደውን፣ ከ30 እስከ 90 ቀን የቆየውንና ከዚያ በላይ የዘገየውን ቢለይ፣ ከዚያም መዘግየቱ በየትኛው ጽሕፈት ቤት፣ በየትኛው ወር፣ በምን ዓይነት ሥራ ላይ እንደሚበዛ ቢያሳይ፣ ኃላፊው በማግስቱ ሊሠራበት የሚችል ውጤት ያገኛል። መዘግየቱ የሚበዛው ራቅ ባሉ ቀበሌዎች በሚከፈል አበል ላይ ሆኖ ከተገኘ መፍትሔው የዲሲፕሊን ደብዳቤ ሳይሆን የማወራረጃ መርሐ ግብር ማስተካከል ሊሆን ይችላል።

በፎገራ የሩዝ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የአንድ ኩንታል ሩዝ እውነተኛ ወጪ ስንት ነው የሚለው የማኔጅመንት ሂሳብ ጥያቄ ነው። የደብረ ታቦር ከተማ አስተዳደር የገቢ አሰባሰብ፣ የሴፍቲኔት ሂሳብ ሪፖርት የሚዘገይበት ምክንያት፣ በውስጥ ኦዲት የተገኙ ግኝቶች ምን ያህሉ እርምጃ እንደተወሰደባቸው ሁሉም በመዝገብ ላይ ተመሥርተው ሊጠኑ የሚችሉ ርእሶች ናቸው። የመረጃ አጠቃቀሙ ግን ሥርዓት ይፈልጋል። የግለሰቦች ስም መውጣት የለበትም፤ የመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ አለበት፤ ተማሪው ራሱ የያዘውን ሂሳብ ራሱ መርማሪ ሆኖ እንዳይገመግምም ከአማካሪው ጋር መነጋገር ይገባል።

ጥናትን በገንዘብ ለሌላ ሰው ማጻፍም በግልጽ ሊነሳ የሚገባው ነገር ነው። ድርጊቱ በማንኛውም መስክ ነውር ነው፤ በሂሳብ ሙያ ግን የከፋ ነው። የሂሳብ ባለሙያ ፊርማ ዋጋ የሚኖረው “ይህን አይቼ አረጋግጫለሁ” የሚል ትርጉም ስላለው ነው። ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ የፈረመ ሰው ከዚያ በኋላ በክፍያ ሰነድ ላይ የሚያኖረው ፊርማ ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከምረቃ በኋላ

የተመረቀው ባለሙያ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ከሚያገኘው ይለያል። በ2010ዎቹ መጀመሪያ ተግባራዊ መሆን በጀመረው የሥራ ምዘናና ደረጃ አወሳሰን ደመወዝ የሚወሰነው ለሥራ መደቡ በተሰጠው ደረጃ እንጂ ሠራተኛው በያዘው ማዕረግ አይደለም። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ሰው በመጀመሪያ ዲግሪ በሚሠራ መደብ ላይ እስካለ ድረስ ዲግሪው በራሱ ደመወዙን አይጨምርለትም። የሚጠቅመው ከፍ ያለ መደብ ክፍት ሆኖ ሲወዳደር ነው። ይህን ከወዲሁ ያላወቀ ሠራተኛ ቅር ይሰኛል፤ ያወቀው ግን ከመሄዱ በፊት በመሥሪያ ቤቱ፣ በዞኑና በክልሉ ለየትኞቹ መደቦች ሁለተኛ ዲግሪ እንደሚጠየቅ ያጣራል።

ኃላፊዎችም በበኩላቸው የሚያነሱት ስጋት አለ። በመንግሥት ወጪ የተማረ ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ ወደሚከፍሉት ባንኮች ይሄዳል የሚል ነው። በትምህርት ውል ውስጥ የሚገባ የአገልግሎት ግዴታ ይህን በከፊል ይመልሳል። ነገር ግን ሰውን በውል ማቆየትና በሥራ ማቆየት የተለያዩ ናቸው። አይፕሳስንና የወጪ ትንተናን የተማረ ሰው ተመልሶ የሚሰጠው ሥራ እንደ ቀድሞው ፔይሮል ማዘጋጀት ብቻ ከሆነ የውሉ ማብቂያ ቀን የመልቀቂያው ቀን ይሆናል። የውስጥ ኦዲትን እንዲያጠናክር፣ የፑሉን ሠራተኞች እንዲያሠለጥን፣ የንብረት መዝገቡን ቆጠራ በአግባቡ እንዲመራ የተመደበ ሰው ግን የሚቆይበት ምክንያት ይኖረዋል። ቆጠራው ደግሞ የትርፍ ሥራ አይደለም። ወደ አክሩዋል የሚገባ ማንኛውም መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ምን ሕንፃ፣ ምን ተሽከርካሪ፣ ምን መሣሪያ እንዳለውና በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ማወቅ አለበትና።

ስለዚህ ሠራተኛውና ኃላፊው ከምዝገባው በፊት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው አራት ነገሮችን ቢስማሙ ይበጃል። እነሱም ሠራተኛው በሌለበት የፑሉን ሥራ ማን እንደሚሸፍን፣ የሰኔው የሂሳብ መዝጊያና የጥናቱ ማቅረቢያ ሲገጣጠሙ ለየትኛው ቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ ጥናቱ የወረዳውን የትኛውን ችግር እንደሚመለከት፣ ከምረቃ በኋላ በምን ሥራ ላይ እንደሚመደብ ናቸው። ስምምነቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ይህ ገጽ በማኅደሩ ውስጥ ያለው ባለሙያ ሲመረቅ ወረዳው የሚያገኘው አንድ ተጨማሪ ዲግሪ ብቻ አይሆንም፤ ሰኔ 30 በሰዓቱ የሚዘጋና ለሚጠይቅ ሁሉ መልስ የሚሰጥ መዝገብም ጭምር ነው።